ትዕግሥቴ ያለቀ መስሎኝ ነበር

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ልጅ ሳለሁ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ጥላው ሲዞር አብሬው እየዞርኩ ሳነብ የማመሽ ነበርኩ። ያለፉትን ዓመታት ግን መጽሐፍ ስከፍት አሥር ገጽ ሳልገፋ ግንባሬን ይወጥረኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ከዚያ ስልኬን አነሳለሁ፤ በዚያው ይመሻል። «በቃ ስልክ አበላሸኝ፤ ትዕግሥቴ አለቀ» ብዬ ተውኩት። እንደኔ የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ብዬ ነው።

የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ዕድሜዬ 44 ነው። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንዲት የእናቴ እኩያ የሆነች ሴት የመድኃኒት ፓኬት ይዛ መጣች። «ጊዜው አልፎ እንዳይሆን እስኪ እይልኝ» አለችኝ። ተቀበልኳትና እጄን ዘርግቼ ከፊቴ አራቅኩት። አሁንም አልታይ ሲለኝ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። ሴትየዋ ዝም ብላ አየችኝ። «አንቺም ጀመረሽ?» አለች።

ማታ ቤቴ ስገባ ይቺ ቃል አልለቀቀችኝም። ለደንበኛ በሳምንት ስንቴ የማስረዳውን ነገር በራሴ ላይ አላየሁትም ነበር። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይናችን ሌንስ እንደ ልጅነቱ አይለጠጥም። ሩቅ ያለው ይታያል፤ ቅርብ ያለው ፊደል ይደበዝዛል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ለሰጠው ሰው ሁሉ የሚመጣ ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ዓይን ፊደሉን ለማጥራት ሲታገል ይደክማል። እኛ ድካሙን መሰልቸት ይመስለናል። የኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለያት ያቺ ከጎን የምትቀጠል ትንሽ ጭረት ናት። መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው ናት፤ በተለይ ቀለሙ በሳሳ አሮጌ ኅትመት ላይ፣ በተለይ ማታ ማታ።

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ፕላስ 1.50 የማንበቢያ መነጽር ታዘዘልኝ። በዚያው የዓይኔን ግፊትም ለኩልኝ፤ ግላኮማ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ዓይንን ስለሚጎዳ ከ40 በኋላ መታየት ጥሩ ነው። መነጽር ከመንገድ ገዝቶ ማድረግ ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነበር። ቁጥሩ በዝቶብኝ ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ። ሁለቱ ዓይኖቻችን እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ መመርመሩ ይሻላል።

መነጽሩን ባደረግኩ ማታ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳልነሳ አነበብኩ። ሳላውቀው ዕንባዬ መጣ። ሦስት ዓመት ራሴን ስወቅስ የኖርኩበት ነገር በአንድ መነጽር የሚፈታ ነበር።

ግንቦት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ወሩን ሙሉ አነባለሁ አልኩ።

ድሬን የሚያውቅ ሰው ግንቦትን ያውቃል። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ባጃጅ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው ሰው የሚወጣው። ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ አይተኛም። አልጋ ወደ ጊቢ ይወጣል፤ ነፋስ እስኪመጣ ሰው በወሬ ያመሻል። ሙቀቱ ቀኑን ለሦስት ይቆርጠዋል፤ ንጋት፣ ቀትር፣ ማታ። እኔም መጽሐፍ በዚሁ ልክ መደብኩ። አንድ መጽሐፍ ለቀኑ ሁሉ አይሆንም። ንጋት ላይ የሚጥመኝ ቀትር ላይ አንገቴን ይደፋዋል። የቀትሩ ማታ አይነበብም። ይህን ማወቄ ከመነጽሩ ቀጥሎ የረዳኝ ነገር ነው።

ለቀትር የመረጥኩት ቀጭኑን ነው፤ «ጦቢያ»ን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን አገር ሳሉ የጻፉት፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ትምህርት ቤት ስሙን ሸምድደን ነበር፤ አንብበነው ግን አናውቅም። መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። አማርኛው ግን አያስቸኩልም። አንድ ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። እንደ ስኳር ድንች ነው፤ ተጣድፈው ከዋጡት ያንቃል፣ ቀስ ብለው ሲያኝኩት ይጣፍጣል። በማራገቢያው ሥር በቀን አሥራ አምስት ገጽ ብቻ እያልኩ በሳምንት ጨረስኩት።

ከታሪኩ በላይ የያዘኝ ግን ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ነገር ነው። አፈወርቅ ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ነበሩ፤ ነጋድራስ የሚባሉትም በዚሁ ሹመት ነው። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ሰው እኔ በየቀኑ በማልፍበት ሰፈር፣ ከባቡር የሚወርድ ዕቃ ሲያስቆጥር ይውል ነበር። 40 ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር ማንም አልነገረኝም።

ብቻቸውን አልነበሩም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በዚያው ዘመን እዚሁ ድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው ገና በወጣትነታቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። እሱን ደግሞ ከአንድ ጓደኛዬ ተዋስኩ። ስለ ኢኮኖሚ ነው የሚለው፤ እፈራው ነበር። ግን በሰው አማርኛ የተጻፈ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የመሬቱን ፍሬ በርካሽ ሰጥቶ የሌላውን የእጅ ሥራ በውድ እየገዛ እንዴት እንደሚደኸይ ያስረዳል። ሰውየው ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም ብዬ አሰብኩ። ቡናና ቆዳ በባቡር ሲወርድ፣ ጨርቅና ሸቀጥ ሲወጣ በዓይኑ እያየ ነበር። እኔም ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ዕቃ ልገዛ ስገባ አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ንባብ የተዉ ሰዎች ሲመለሱ «ትልቅ መጽሐፍ» ወይም «አዲስ የወጣ» ይፈልጋሉ። እኔ የምመክረው በሰፈራችሁ የኖረ ሰው የጻፈውን ነው። ቅርብ ነገር ሲነበብ ትዕግሥት አይጠይቅም፤ እግር ራሱ ይሄድበታል።

ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ፣ ጊቢው ሳይሞቅ የማነበው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ነበር። በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው፤ ወፍራም ነው። በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኰንን ቤት አደጉ። ገና ልጅ ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ዐድዋ ዘመቱ። ከዚያ ሩሲያ ሄዱ፤ መድፈኛ ሆነው ተማሩ። ተመልሰው «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ እንስሳት እንደ ሰው የሚናገሩበት፣ በመጀመሪያነቱ የሚታወቀው የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት። ሹማምንትን ስለሚነካ ተከለከለ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው ናቸው።

አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የቆረቆሩ እሳቸው መሆናቸውን ሳነብ ግን ለብቻዬ «እንዴ!» አልኩ። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ስንት ጊዜ ቁርስ በልቼባታለሁ። ሂርናም የእርሻቸው ቦታ ነው። አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም ውኃ ከመግዛት ሌላ ምንም አስቤ አላውቅም።

አንድ እሑድ መጽሐፉን በቦርሳ ይዤ ሐረር ወጣሁ። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ አየሩ ይለወጣል፤ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። አወዳይን አልፈን ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ገባሁ። መጀመሪያ መኪና ግርግር ነው የሄድኩት፤ ልብስ ሰፊዎቹ ከግራ ከቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸው ድምፅ ስሙን የሰጠው መንገድ። አንድ ሰፊ የቀሚሴን ጫፍ እስኪያስተካክልልኝ እዚያው በርጩማ ላይ ሆኜ ሁለት ምዕራፍ አነበብኩ። ጫጫታው አልረበሸኝም። እንዲያውም ያን ድምፅ አሁንም ከምዕራፉ ጋር ነው የማስታውሰው።

ከዚያ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው፣ የሸሪፍ ሙዚየም ወደሚገኝበት ገባሁ። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና ኪታቦች ተደርድረዋል። ቆዳቸው፣ ጥርዛቸው፣ ሽፋኑ ላይ የታተመው ጌጥ፤ ዓይን አይነሳም። ሐረር በመጽሐፍ ጥራዝ የታወቀች ነበረች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን እንኳ፣ ከፋርስ በቀር በጥራዝ ሐረርን የሚበልጥ የምሥራቅ አገር የለም ብሎ ጽፏል። ርካሽ ጥራዝ ያላትን መጽሐፌን ከቦርሳ አውጥቼ አየኋት። ገጾቿ እየተነቀሉ ነው፤ በስኮች አስሬያታለሁ። እነዚያ መጻሕፍት ዘመን ተሻግረው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ከሙዚየሙ ብዙ የማይርቅ፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራ ቤት አለ። ስለ ሰውየው በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ በዚያው ሰሞን አንብቤ ስለነበር ገባሁ። ቤቱ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል፤ ራምቦ ራሱ እንዳልኖረበት የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ለኔ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ግጥም እርግፍ አድርጎ ተወ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲመጣ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሠራተኛ ነበር። ግን ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች መጽሐፍ ላኩልኝ በሚል ልመና የተሞሉ ናቸው። የግጥም አይደለም የሚጠይቀው። ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ አናጺነት፣ ስለ ውኃ ሥራ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ነው። ግጥም የተወ ሰው ንባብ አልተወም። ሌላ ዓይነት አማረው እንጂ። እኔም በነዚያ ሦስት ዓመታት የመድኃኒት መመሪያ፣ የምግብ አሠራር፣ የልጄን የሳይንስ መጽሐፍ ሳነብ ነበር። እንደ ንባብ አልቆጠርኩትም። አሁን እቆጥረዋለሁ።

ያልሆነልኝም አለ። ስለ ስኬት የሚናገር፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ መጽሐፍ ሰዎች ሁሉ አንብቢው ሲሉኝ ገዛሁ። ገጽ 60 ላይ ተውኩት። አንዱን ሐሳብ አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ትርጉሙም አማርኛ አይሸትም። ድሮ ቢሆን «የጀመርኩትን ሳልጨርስ» ብዬ እሱን ይዤ ወር እከርማለሁ፤ ሌላም አልከፍትም። ብዙ ሰው ንባብ የሚተወው በመጥፎ መጽሐፍ ላይ ተቸንክሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ተዉት። መጽሐፉ አይቀየምም።

ግጥም ደግሞ ከደንበኛ ደንበኛ መሃል፣ ባንኮኒው ሥር አስቀምጬ ሞከርኩ። አልሆነም። ግጥም ድምፅ ይፈልጋል፣ ዝምታም ይፈልጋል። ፋርማሲ ውስጥ ሁለቱም የለም።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ ማታው ነው።

አክስቴ አብራን ጊቢ ውስጥ ትኖራለች። እቴቴ ነው የምላት። ዕድሜዋ ሰባ አልፏል። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው ከመልኩ ይልቅ በአረማመዱ ነው የምትለየው። ባሏ ነፍሱን ይማረውና ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ቤታቸው ጋዜጣና መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም። እሱ ከሞተ፣ ዓይኗም ከደከመ ወዲህ ሬዲዮ ብቻ ነው የቀራት።

በግንቦት ሦስተኛው ማታ፣ አልጋ ወጥቶ ተቀምጠን፣ «ምንድነው በየቀኑ የምታነቢው?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ «ወጋየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲያነብ ባሌ ሥራ ገብቶ ካልሆነ ከቤት አይወጣም ነበር» አለች። ወጋየሁ ንጋቱን ማለቷ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ይታተም እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው በሬዲዮ ነው።

«ላንብብልሽ?» አልኳት። ድሬ ተወልዶ ያደገ ያውቀዋል፤ እኛ ጋ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።

«ጉሮሮሽ ይችለዋል?» አለች።

በማግሥቱ ከዚራ አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ልጆች ያገለገለ ቅጂ አገኘሁ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። የመጀመሪያው ማታ ከባድ ነበር። ቸኩዬ አነበብኩ። አክስቴ አስቆመችኝ። «ጉዱ ካሣ እንዲህ አይጣደፍም። እሱ ሰው እንዲገባው ነው የሚናገረው» አለች። እውነቷን ነው። በዓይን ስናነብ ፍጥነታችንን ማንም አያየውም። በድምፅ ስናነብ ግን ያልገባን ቦታ ሁሉ ይጋለጣል። ያልገባኝ ቦታ ላይ ድምፄ ይደናቀፋል፤ ተመልሼ አነበዋለሁ። ይህን መጽሐፍ ወጣት ሳለሁ አንብቤዋለሁ ብዬ ስል ነበር። ለካ ሮጬበት ነው ያለፍኩት።

ከሦስት አራት ማታ በኋላ አካሄዱን ለመድኩ። ሞክሩት የምትሉ ካላችሁ የረዳኝን ልንገራችሁ። በሰዓት ሃያ ገጽ ይበቃል። ቀን ላይ የማታውን ክፍል አንዴ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ የምወስድበትን በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ለየሰው የተለየ ድምፅ ለማውጣት አልሞክርም፤ አይመጣልኝም፣ ሰሚውንም ያደክማል። ትንሽ ዝግ ማለት፣ ትንሽ ማንሳት ይበቃል። ለብ ያለ ውኃ አጠገቤ ይኖራል። ስልኬ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሰሚው ሲያፋሽክ ሳይሆን ገና ሲፈልግ አቆማለሁ። «አሁን ምን ሊሆን ነው?» ብለው ሲለያዩ ነው በማግሥቱ የሚመጡት።

የሚመጡት ስል ብዙ ሆነናል ማለቴ ነው። መጀመሪያ የጎረቤታችን ልጅ መጣች፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዚያ አያቷን ይዛ መጣች። አያቷ ኦሮምኛ ነው የሚቀናት። ልጅቷ በየመሃሉ ዝቅ ባለ ድምፅ እየተረጎመች ታሰማታለች። እኔም አንድ ገጽ አንብቤ እጠብቃታለሁ። ያ መጠበቅ መጀመሪያ ያቋርጠኝ ነበር። በኋላ ወደድኩት። በዛብህ ለስለት የተሰጠ ልጅ መሆኑን ስትተረጉም አያቷ ቀና አለች። ብዙ ተናገረች። ልጅቷ አጠር አድርጋ «ልጁ ሳይጠየቅ ነው እንዴ የሰጡት? ትላለች» አለችን። አክስቴ መለሰች። ከዚያ ሁለቱ፣ በልጅቷ በኩል፣ ስለ ስለት ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ያን ማታ ያነበብኩት አምስት ገጽ ነው። ከወሩ ሁሉ ያማረ ማታ ነበር።

ሌላም ነገር የታየኝ በዚህ ንባብ ነው። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ ማንበቤን አቆምኩ። ቀትር ላይ ያነበብኳት ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ነው ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው። በሁለቱ መጻሕፍት መሃል ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ። ሁለቱም ደራሲዎች ሴት ልጅ የምትወደውን ሰው ፍለጋ መንገድ ስትወጣ በራሷ መልክ ልትሄድ እንደማትችል አውቀው ነው የጻፉት። ለተሰብሳቢው ነገርኳቸው። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ «አሁንስ?» አለች። ማንም ቶሎ አልመለሰላትም። አንዱን መጽሐፍ ብቻ ይዤ ቢሆን ይህ ጥያቄ አይመጣም ነበር። የተለያየ ነገር በአንድ ወር ማንበብ ጥቅሙ ይሄ ነው። መጻሕፍቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ እኛ መሃል ተቀምጠን እንሰማለን።

አንዳንድ ሰው ጊዜ የለኝም ይላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ግን ማታ ማታ ጊዜው ድሮም ነበር፤ ሁላችን በየስልካችን ላይ አጎንብሰን ነበር የምናሳልፈው። መጽሐፍ ውድ ነው የሚለው እውነት ነው። አሮጌ ግዙ፣ ተዋዋሱ፣ አንዱን ቅጂ ለአምስት ሰው አንብቡት። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ፊደሉን ማስፋት ስለሚቻል ለደከመ ዓይን ይመቻል፤ ያን አልክድም። ነገር ግን በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፉ እንዲያ ሲዞር ቤሳ አያገኝም። እኔ ከእንደዚያ ዓይነቱ ተቆጥቤአለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ግንቦት 28 ማታ አነበብኩት። መብራት ሄዶ ነበር። በሶላር መብራት ነው የጨረስነው፤ ልጅቷ ከራሴ በላይ ይዛልኝ። ከተማው ጨልሞ ኮከቡ ወርዷል። የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳነብ ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ማንም «ቀጥዪ» አላለኝም፤ ጠበቁኝ። ስጨርስ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አጠፍኩት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ውሻ ይጮሃል። ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም።

ብዙ ቆይታ አክስቴ ተናገረች። «ያኔ በሬዲዮ ስሰማው በሰብለ ነበር ያለቀስኩት። ዛሬ ግን በጉዱ ካሣ ነው» አለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ያኔ ወጣት ነበርኩ። እሱ ለካ ብቻውን ነበር» አለች።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። በዚሁ ወር ነው አክስቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና እሺ ያለችው። እስካሁን ስትፈራ ነበር። ሰዎች ጠብታ አምጥተውላት ያውቃሉ፤ ሞራን ጠርጎ የሚያወጣ ጠብታ የለም። በፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ለስንቱ እናት ደጋግሜ የምነግረው ይሄንኑ ነው። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ነው መድኃኒቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን እንኳ አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል። በስንት ልመና እምቢ ያለችኝ ሴት፣ መጽሐፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ጠዋት ራሷ «ያን ሐኪም ጠይቂልኝ እስኪ» አለችኝ።

መጽሐፉን የጎረቤታችን ልጅ ወስዳዋለች። በራሷ ዓይን ከመጀመሪያው ልታነበው ነው። እኔ «ኦሮማይ»ን ጀምሬአለሁ፤ አርባ ገጽ ደርሻለሁ። ለማታው ጉባኤ ይሆን አይሆን ገና አልወሰንኩም።

የአክስቴ ቀጠሮ ሰኔ 12 ነው። መጀመሪያ የሚሠራላት የቀኝ ዓይኗ ነው። «ሲፈቱልኝ መጀመሪያ የማየው የዚያን መጽሐፍ ሽፋን ነው» ብላለች። ልጅቷ እስከ ሰኔ 11 ድረስ እንድትመልስ ነግሬያታለሁ።